መዋጮውን ከከፈልን ሂሳቡን ማየት አለብን፦ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ሴፍቲኔትና ስለ እድር የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳም ያዛል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

እኛ ከዚህ ውስጥ አንዱን ክፍል ጠንቅቀን እንፈጽማለን። ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ እናዋጣለን፣ ለትራንስፎርመር እናዋጣለን፣ ለጠጠር መንገድ እናዋጣለን። ገበሬው በጥርና በየካቲት አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በየዓመቱ እንከፍላለን። ሐሳብ የመስጠቱና ሂሳብ የማየቱ ክፍል ግን ከመዋጮው ጋር አብሮ አልመጣም።

እናቴ የምትኖረው በአንዲት የወረዳ ከተማ ነው። የመድን ክፍያዋን አንድም ዓመት አላሳለፈችም። ባለፈው ክረምት ደም ግፊቷ ተነሥቶ ጤና ጣቢያ ሄደች። ምርመራው በነጻ ሆነላት፤ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዢ ተባለች። የከፈልሁበት መድኃኒት ለምን የለም ብላ ስትጠይቅ የካርድ ክፍሉ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ ወደ ኃላፊው መራት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ይህችው እናቴ የእድሯ ድንኳን በአንድ ለቅሶ ላይ ተቀድዶ ሲገኝ በወሩ ስብሰባ ተነሥታ፣ የማሳደሻው ገንዘብ የት እንደዋለ ጠይቃ፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን ከቤቱ እስኪያመጣ ድረስ አልተቀመጠችም። አንዲት ሴት፣ አንድ መንደር፣ ሁለት መዋጮ። በአንዱ ባለቤት ናት፣ በሌላው ከፋይ ብቻ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። ማኅበራዊ ዋስትና በሀገራችን የመንግሥት ግዴታ ነው ወይስ የሕዝብ መዋጮ? ሁለቱም ነው ካልን፣ ሂሳቡን ማን ለማን ያቀርባል?

ምላሾቹ

ውይይቱ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ አባላት እንዲመች የምላሾቹን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስሁ አስፍሬዋለሁ። የራሴንም አስተያየት በየመሐሉ ጣል አድርጌያለሁ።

ምላሽ 1። በደሴ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር በአክብሮት ጀመሩ። ጥያቄው በጊዜው የመጣ ነው ብለው ካመሰገኑ በኋላ ሁለት አንቀጾች ጨመሩልኝ፦ መንግሥት ሕዝቡ በልማት ፖሊሲ ዝግጅት እንዲሳተፍ ማድረግና የሕዝቡን የልማት ጥረት መደገፍ እንዳለበት የሚናገረውን አንቀጽ 89ን፣ እንዲሁም የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹሕ ውኃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና አገልግሎት የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሁሉም እንዲዳረስ የሚለውን አንቀጽ 90ን። የመምህሩ ሥጋት አቅም በፈቀደ መጠን በሚለው ሐረግ ላይ ነው፤ ማንኛውም ጉድለት በዚያ በር ሊወጣ ይችላል ይላሉ። እኔ ሐረጉን አልጠላውም። የድሃ ሀገር ሕግ ከዚህ በላይ ቃል ቢገባ ውሸት ይሆን ነበር። ነገር ግን አቅም የለም የሚል አካል የአቅሙን ልክ በቁጥር ማሳየት አለበት፤ የእኔም ጥያቄ እዚያው ላይ ነው።

ምላሽ 2። አጭርና ቁጡ ነበር። እድር የቀብር ማኅበር ነው፣ መንግሥት መንግሥት ነው፣ አታደባልቁ የሚል። ብዙ ሰው ደገፈው። ወደ ኋላ፣ ምላሽ 15 ላይ፣ ለዚህ ተገቢው መልስ ከባለቤቶቹ መጥቷል።

ምላሽ 3። ይህ ምላሽ ውይይቱን መሬት አስያዘው። ጸሐፊው በአንድ ወረዳ የጤና መድን ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ እንደተጀመረ፣ ከዚያ በመላ ሀገሪቱ እንደተስፋፋ አስታወሰን። የመድኑ ገንዘብ የአባላቱ ብቻ አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት በአባላት መዋጮ ላይ ድጎማ ይጨምራል፣ መክፈል የማይችሉ ድሆች ደግሞ በክልልና በወረዳ በጀት ይሸፈናሉ። ቀጥሎ ያለው ለእኔ ጥያቄ ዋናው ነበር። በአሠራሩ መሠረት በየወረዳው የመድን ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ከየቀበሌው የተወከሉ አባላት ይሰበሰባሉ፣ ሪፖርት ይሰማሉ፣ ቦርዱ ደግሞ በወረዳው አስተዳዳሪ ይመራል። እንግዲህ እናቴ የምትቆምበት ስብሰባ በወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ጉባኤው በእርሱ ወረዳ መቼ ተሰበሰበ ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ ቆየ።

ምላሽ 4። ከስቶክሆልም የጻፈ ወገናችን ነገሩን በሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ስዊድን ውስጥ ልጅ ሲወለድ ለወላጆች 480 ቀን ክፍያ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፣ ልጅ በነጻ ይማራል፣ ሆስፒታል የገባ ሰው የሚከፍለው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ታዲያ ሕዝቡ አካፋ ይዞ አይወጣም፣ ለትራንስፎርመርም አያዋጣም፤ ግብር ይከፍላል፣ መንግሥት ይሠራል። የእኛ ሀገር መንግሥት ግን ሥራውን በሕዝብ ተሳትፎ ስም ለድሃው እያሸከመ ነው ባይ ነው።

ምላሽ 5። ድምፁ ጠንከር አለ። አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ ባይ፣ ስዊድን ውስጥ የማዘጋጃ ቤትና የክልል የገቢ ግብር ብቻ በአማካይ ከገቢ 32 በመቶ ገደማ እንደሚደርስ፣ የእኛ ሀገር አጠቃላይ የግብር ገቢ ግን ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ ጠቅሶ፣ ከውጭ ሆኖ መምከር ቀላል ነው ሲል ዘለፈው። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ዘለፋው ግን አላስፈለገም። ደግሞም የስቶክሆልሙ ሰው ያነሣው ነገር በቁጥሩ አልወደቀም። ግብር ከሌለ መዋጮና ጉልበት ይተካል፤ የጉልበቱ ዋጋ ግን በማንም የበጀት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በተራራ ላይ ድንጋይ ሲደረድር የከረመ ገበሬ ግብር ከፍሏል። ለከፈለው ግን ደረሰኝ የለውም።

ምላሽ 6። ከእስራኤል፣ ከነታንያ፣ አንዲት እህት የጻፈችው በመላው ውይይት ካነበብኋቸው ሁሉ አስተማሪው ነው። እዚያ የብሔራዊ መድን ተቋም አለ፤ ከ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራ፤ ሥራ የሌለው ሰው እንኳ አነስተኛውን ክፍያ እንዲከፍል የሚያስገድድ። ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለወላጆች ይከፍላል፤ የቀብር ወጪንም ይሸፍናል። እንዲህም ሆኖ ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተሰቦች እድራቸውንና እቁባቸውን አልተዉም ትላለች። አባቷ ሲያርፉ መቃብሩን መንግሥት ከፈለ። በለቅሶው ሰሞን ወንበር ያመጣው፣ እንግዳ ያበላው፣ ዕብራይስጥ በቅጡ የማይችሉትን እናቷን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሄደው ግን እድሩ ነው። መንግሥት የገንዘቡን፣ ሰፈር የሰውነቱን ተካፍለው ያዙት። ምላሽ 2ን የጻፈው ሰው ይህንን አንብቦ ዝም ማለቱን ታዝቤያለሁ።

ምላሽ 7። በሰሜን ወሎ የግብርና ልማት ሠራተኛ የነበረች ሴት ስለ ልማታዊ ሴፍቲኔት ጻፈች። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት በየዓመቱ ለረሃብ የእርዳታ ጥሪ ይደረግ ነበር። ሐሳቡ ተረጂው አስቀድሞ የሚታወቅ፣ በየዓመቱ በተወሰኑ ወራት የሚከፈል ድጋፍ እንዲያገኝ ነው። መሥራት የሚችል አባል በወር 5 ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ይውላል፦ እርከን፣ ክትር፣ ኩሬ፣ የገጠር መንገድ። መሥራት የማይችሉት፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ ያለ ሥራ በቀጥታ ይደገፋሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ወጥተው በቀጥታ ድጋፍ ይያዛሉ።

የምልመላውን ቀን የገለጸችበት መንገድ አልረሳውም። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ዋርካ ሥር ተቀምጧል። የቀበሌው ግብረ ኃይል ስሞቹን አንድ በአንድ ያነባል፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ይቆማል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በሬ አላት ተብላ ከዝርዝሩ ወጥታ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በሬው የእርሳቸው እንደሆነ፣ ለእርሻ ወቅት ብቻ ያዋሷት መሆኑን መሰከሩ። ስሟ ተመለሰ። እኒሁ ሽማግሌ ቀጥለው የገዛ ወንድማቸው ልጅ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ከተማ ውስጥ ቤት እንደሚያከራይ ያውቃሉና። ልጁም ወጣ። ጸሐፊዋ እንዲህ ያለውን ቀን በሌላ ቀበሌ እንዳላየችው፣ እዚያ ዝርዝሩ በቢሮ ተጽፎ ለመጽደቅ ብቻ ወደ ሕዝብ ይመጣ እንደነበር አልደበቀችም። መመሪያው አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከስም ወደ ስም ሲሄድ ንባቡ መቆሙና አለመቆሙ ነው።

ከምላሽ 8 እስከ 10 ከርዕሱ ወጣን። አንድ ገበሬ ነኝ ያለ ሰው የድንጋይ እርከን የአይጥ ቤት ሆኖብናል ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ደግሞ እርከን ሲበዛ ጥማድ በሬ መዞሪያ ያጣል፣ ጠባብ ማሳ ያለው ሰው ከመሬቱ ላይ ይቆረስበታል አለ። የልማት ሠራተኛዋ ተመልሳ ለሁለቱም መለሰች። እርከን ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ እርጥበት ይዞ እህልን ያድናል፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ግን ያለ ውኃ ማፋሰሻ ከተሠራ ማሳውን በውኃ ያጥለቀልቀዋል። አንድ ዓይነት ንድፍ ለሁሉም ቦታ መላክ ጥፋት ነው። ወደ ጎን የሄድን ቢመስልም እኔ ርዕሱ ላይ የደረስን ያህል ተሰማኝ። የአይጡንና የበሬውን ነገር የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ እርከኑ የት ይሁን ሲባል የተጠየቀው ግን ስንት ቦታ ነው?

ምላሽ 11። አንድ አዛውንት ከዚያው ሐሳብ ተነሥተው ወደ ደርግ ዘመን መለሱን። ያኔ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ችግኝ ተተክሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ራሱ ደኑን ቆረጠው፣ እርከኑን አፈረሰው። አዛውንቱ ሲያስረዱ፣ ሰዉ ጫካ ጠል ስለሆነ አይደለም፤ የመንግሥት ነው ብሎ ስላሰበው ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደ ማስረጃ ነው። የሠራው እጅ ያፈረሰው እጅ ነው።

ምላሽ 12። አንድ የጉራጌ ተወላጅ በኩራት ተቃራኒውን ምሳሌ አመጣ። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጉራጌ ተወላጆች ከአዲስ አበባ ነጋዴ እስከ ገጠር ገበሬ ገንዘብ አዋጥተው በራሳቸው ድርጅት መንገድ ሠርተዋል፤ ማንም አላፈረሰውም። ምላሽ 13 ወዲያው አረመው፣ ወይም አሟላው፦ የአለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅትም በዚያው ዘመን በሕዝብ መዋጮ የቆመ ነበርና ነገሩን የአንድ አካባቢ ብቻ አታድርጉት አለ። ለጥቂት ጊዜ ማን ቀደመ የሚል ክርክር ተነሣ፤ አላስቀጠልሁትም። ሁለቱ ድርጅቶች የራሳቸው አመራርና የራሳቸው ኮሚቴ ነበራቸው። ለዚህ ውይይት የሚጠቅመን ይኸው ነው።

ምላሽ 14። ከዚህ በኋላ ቃሉ ተሳለ። አንድ አባል በውዴታ ግዴታ የሚጠየቅ መዋጮን እንዴት ተሳትፎ ትላላችሁ ብሎ ተነሣ። በእርሱ ቀበሌ መታወቂያ ለማደስ የሄደ ሰው በመጀመሪያ የመዋጮ ደረሰኝ አሳይ ይባላል፤ ማዳበሪያ የሚወስድ ገበሬ የጤና መድኑን ከፍሎ እንዲመጣ ይነገረዋል። አንድ ሌላ ሰው በመሐል ገብቶ እንዲህ ያለ ወሬ የልማት ጠላቶች የሚነዙት ነው ብሎ መለሰለት፤ ያኛውም ካድሬ ብሎ ሰደበው። ሁለቱም ስድባቸውን እንዲያነሡ ጠየቅኋቸው። አነሡ። የምላሽ 14ን ቅሬታ ግን እውነት እንደሆነ ከብዙ አካባቢ የጻፉ ሰዎች መስክረዋል፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። ማዳበሪያን ከጤና ጋር የሚያስር አሠራር መድኑን ያስጠላል። በገዛ ፈቃዱ የገባ አባል ጉባኤ ላይ ይጠይቃል። ተገድዶ የገባ ሰው የሚያስበው በቀጣዩ ዓመት እንዴት እንደሚያመልጥ ነው።

ምላሽ 15። የአንድ የአዲስ አበባ እድር ዳኛ ለምላሽ 2 መልስ ሰጡ። እድራቸው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይሰበሰባል። ጸሐፊው የቀሩትን ይመዘግባል፣ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የሻይ ብርጭቆው ሳይቀር በቁጥር ተመዝግቦ ይወጣል፣ በቁጥር ይመለሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ገቢና ወጪው በአባላት ፊት ይነበባል፣ ኦዲተሮቹ የሚመረጡት ከአባላት ነው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ሰፈሩን ሲያራቁት ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀመሩ፤ የእርሳቸውም አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እድር ለሞት ብቻ ነው የሚባል ነገር አይገባኝም አሉ።

ምላሽ 16። ይህንን የተቃወመችው ሴት በጣም ጠንካራ ነገር ተናገረች፤ ለእኔም ሐሳብ ፈተና ሆነ። እድርን አታቆንጁት አለች። በሰው ቤት በሠራተኛነት ያደገች ናት። እድር ለመግባት መግቢያ ይከፈላል፣ አሮጌ እድር ከሆነ መግቢያው የተጠራቀመውን ንብረት ያህል ይከብዳል። ተከራይ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሆነ አይፈለግም። የቤት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጎዳና ላይ የሚነግድ፣ እነዚህ እድር የላቸውም። አሠሪዋ ያረፉ ጊዜ ድንኳን ሲተከል ሌሊቱን ሙሉ ቡና ያፈላችው እርሷ ናት፤ የእርሷ እናት ሲሞቱ ግን ጡሩምባ የነፋ አልነበረም። መንግሥት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ብላ ደመደመች፦ ሰፈር የማያውቀውን ሰው ማወቅ ያለበት እርሱ ስለሆነ።

ዳኛው በትሕትና መለሱላት፤ እውነትሽን ነው፣ ጉድለታችን ነው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የተከራዮችን መግቢያ ጉዳይ አነሣለሁ አሉ። እኔ ደግሞ የምጨምረው አለኝ። እድር የማያቅፈውን ሰው መንግሥት ማቀፍ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። የሂሳብ አያያዙን ግን መንግሥት ከእድር ቢወስድ ይህች ሴትም ትጠቀማለች። በነጻ መታከም የሚገባቸው ድሆች ዝርዝር ሲወጣ፣ እንደዚያ ዋርካ ሥር ስሟ ተነብቦ የሚመሰክርላት ሰው ያስፈልጋታልና።

ምላሽ 17። የጤና መድኑ ወጣት ተመለሰ። በእርሱ ወረዳ ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ነገር ግን ተወካዮቹ በአብዛኛው የቀበሌ አመራሮች ናቸው፣ ሪፖርቱ ተነብቦ በጭብጨባ ይጸድቃል። ይህንን በግልጽ በመጻፉ አከብረዋለሁ። አያይዞ ምዝገባው ለምን በቤተሰብ እንደሆነ አስረዳ፦ የታመመው ብቻ እንዲመዘገብ ቢፈቀድ ገንዘቡ በአንድ ዓመት ያልቃል። ጤነኛው ለታመመው የሚሸከምበት ሥርዓት ነው፣ ሳትታመም የከፈልኸው አልጠፋም። ይህ ለአባላቱ በቅጡ አልተነገረም። ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይታከም ሲቀር ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ይመጣል።

ምላሽ 18። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ የእናቴን መድኃኒት ጉዳይ ያዘ። ጤና ተቋሙ አባላቱን አክሞ ሂሳቡን ለመድኑ ያቀርባል፤ መድኑ መርምሮ እስኪከፍል ወራት ያልፋሉ። በዚያ መሐል ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲጨመርበት መደርደሪያው ይራቆታል። ታካሚው የሚያየው ግን ባዶውን መደርደሪያ ብቻ ነው፤ የተንጠለጠለውን ክፍያ አያየውም። ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር አቀረበ፦ ጤና ጣቢያው በየሦስት ወሩ መድኑ ያልከፈለውን ዕዳ፣ የጎደሉትንም መድኃኒቶች ስም ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። የውይይቱ ሁሉ ፍሬ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 19። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወንድም ስለራሳቸው እድር ጻፉ፤ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት የሚያሳፍር፣ አባል ሲሞት ከሁሉም እኩል የሚሰበስብ እድር። ከዚያ ወደ ሕዳሴው ግድብ ተሻገሩ፦ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፣ እኛም ቦንድ ገዛን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አለቀስን፤ ከዚህ የበለጠ ተሳትፎ ወዴት አለ? ምላሽ 20 ግድቡ ሌላ ጤና ጣቢያ ሌላ ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰባቸው። የተጣሉ መሰሉኝ እንጂ የሚጣሉበት ነገር አልነበራቸውም። ለግድቡ የተዋጣው ገንዘብ ውጤቱ ከሩቅ የሚታይ ኮንክሪት ነው። የጤና መድን ውጤት ግን አንዲት አሮጊት ኪኒኗን ይዛ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው፤ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ አይሰበሰብም። ሂሳብ ማሳየት የሚያስፈልገውም እንዲህ ላለው ሥራ ይበልጥ ነው።

ምላሽ 21። አንዲት የሕግ ባለሙያ ጡረታን አነሣች። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን በጡረታ አቀፈ፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላል። ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ ግን ውጭ ናቸው። እርጅና ሲመጣ ልጅ ካለ ልጅ፣ ልጅ ከሌለ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ነው። ስለዚህ ማኅበራዊ ዋስትና ስንል ገና ጥቂቱን ሰው ብቻ እያወራን ነው ትላለች። እውነት ናት፤ ለብቻው ውይይት የሚያስፈልገው ጉዳይ ስለሆነ እንድትከፍተው ጠይቄያታለሁ።

ምላሽ 22። ለጤና መድን በብዙ ቦታ ክፍያው ሀብትን ሳይለይ ሲሰበሰብ ኖሯል፣ ባለ ወፍጮውና ባለ ግማሽ ሄክታሩ ገበሬ እኩል ናቸው፤ ይህ ፍትሕ ነው ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ጠያቂው የሩዋንዳ የጤና መድን እንደ ቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ የተለያየ ክፍያ አስከፍሏል ብሎ ምሳሌ ሰጠ። የመድኑ ወጣት ሐሳቡን ወደደው፣ ማን ሀብታም ማን ድሃ ነው የሚለውን መለየት ግን ጠብ ያመጣል ብሎ ፈራ። ልማት ሠራተኛዋ ዋርካውን አስታወሰችው።

ምላሽ 23 እስከ 25 ወደ ተግባር ሄዱ። ከደሴ የጻፉት መምህር በሚኖሩበት ወረዳ ለጉባኤው ተወካይ እንዴት እንደሚመረጥ ቀበሌያቸው ሄደው እንደሚጠይቁ ጻፉ። የመድኑ ወጣት፣ የተወካዮች ዘመን ሲያልቅ ምርጫው በቀበሌ ስብሰባ እንደሚካሄድ፣ ማንኛውም የከፈለ አባል ሌላውን መጠቆምም ራሱ እጩ መሆንም እንደሚችል ነገራቸው። እድር ዳኛው የእድራቸውን የሂሳብ ሪፖርት ቅርጽ፣ የአባላትን ስም አውጥተው፣ ለሚፈልግ ሁሉ እንደሚልኩ ቃል ገቡ። ወጣቱ ጠይቋቸዋል።

እኔም ለእናቴ ደውዬ ሦስት ጥያቄዎች አስጻፍኋት፦ በዚህ ዓመት ስንት ብር ተሰበሰበ? ለጤና ጣቢያው ስንቱ ተከፈለ፣ ስንቱ ቀረ? ከመደርደሪያው የጎደሉት የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው? ቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ከጎረቤቶቿ ጋር ይዛው ትሄዳለች። በየወረዳችሁ እነዚህኑ ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን መልስ እዚሁ ውይይት ላይ አስፍሩልኝ።